ቅጹ ላይ ያልነበረው ቃል

ሲስተር ማስተዋል ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ቅዳሜ የገባሁበት ዱቲ እሁድ ጠዋት አልቆ፣ ቤቴ ገብቼ፣ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ተኝቼ ነበር። አመሻሽ ላይ ስነቃ ከቁንዝላ ሰባት ጊዜ ተደውሎልኛል። ደዋይዋ ታናሽ እህታቸው ትሁን ነበረች። መልሼ ስደውልላት አልቅሳ ጨርሳ ድምፅዋ ደርቋል።

«እታለም አረፈች» አለችኝ። «ግፊቱ ነው። ዛሬ በስድስት ሰዓት ቀበርናት። ሳልነግርህ እንዳልቀር ብየ ስደውል ስልክህ አይነሳም።»

«ተኝቼ ነው» አልኳት።

እውነቴን ነበር። ግን ይህችን ቃል መናገር የነበረብኝ ለሲስተር ማስተዋል ነው። ሁለት ዓመት ዘግይቼ ለእህታቸው ተናገርኳት።

ለማያውቃቸው ልንገር። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ስሙን መጥራት በማልፈልገው አንድ ሆስፒታል፣ የውስጥ ደዌ ዋርድ ኃላፊ ነበሩ። አጠር፣ ወፈር ያሉ፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው በጥቁር ሻሽ የሚያስሩ ሴት ናቸው። በሥራው ላይ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ምንም ያልቀራቸው ነርስ። እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ፣ ሁሉን ያወቅኩ መስሎኝ፣ የመጀመሪያ ቀን ፊታቸው ስቀርብ የትምህርት ማስረጃዬን አላዩትም። ያዩት ሾጣጣውን ጫማዬን ነው።

«ይኸን ጫማ ማን ገዛልህ?»

«ራሴ ነኝ የገዛሁ።»

«እንግዲያ ራስህን ትጠላለህ» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ሄዱ። በማግስቱ ሸራ ጫማ አድርጌ መጣሁ። አዩትና የአስራ አንድ በሽተኛ ቻርት አሸከሙኝ።

ዱቲ የምንለው ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ማግስቱ ሁለት ሰዓት የሚዘልቀውን ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሃያ አራት ሰዓት ይሞላል። ሠላሳ ምናምን አልጋ አለ፣ በየአልጋው ሥር አስታማሚ ጋቢውን አንጥፎ ተኝቷል፣ ነርሶቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ስትቀር አንድ ናቸው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ ወይም ለማማረር ነው፣ ምን አገባኝ።

ሲስተር ማስተዋል ድካምን በሙቀት መለኪያ አይለኩትም እንጂ የራሳቸው መለኪያ ነበራቸው። ከሥራ መሀል ቀረብ ይሉና እንደ ዋዛ «ዛሬ ማን ነው?» ይላሉ። የትኛው ቅዱስ ቀን እንደሆነ መጠየቃቸው ነው። አሥራ ሁለት ከሆነ ሚካኤል፣ ሃያ አንድ ከሆነ ማርያም። እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ለመመለስ አያስብም። ካሰበ ደክሞታል ማለት ነው። የዘገየ ሰው እጁ ላይ ያለውን ትሪ ይቀሙትና ወደ አንሶላ ክፍል ይሰዱታል። እዚያ በታጠፉት አንሶላዎች ላይ፣ የበረኪና ሽታ እየሸተተው፣ ግማሽ ሰዓት ይተኛል። በሽተኞቹን እሳቸው ራሳቸው ወይም ሌላው ተረኛ ይይዝለታል። እሱ በተራው ለሌላው ይይዛል።

እኔ አንድ ቀን ሃያ ምናምን ላይ ሆነን «አቦ» ብዬ አረፍኩት።

«አቦ ካለፈ ሁለት ሳምንቱ። ትሪህን ስጠኝና ግባ!»

ሲቀሰቅሱ እግር ነክተው ነው፤ ትከሻ አይነኩም። ትከሻውን የነኩት ነርስ በሽተኛ ሞተ ብሎ ብድግ ይላል፣ እግሩን የነኩት ግን ቀስ ብሎ ይነቃል ይላሉ። ሞክሬዋለሁ፣ ልክ ናቸው።

ከወረታ የመጣች፣ ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለደች ዘይነባ የምትባል ነርስ ነበረችን። መጀመሪያ ሰሞን «ሲስተር፣ እኔ ሙስሊም ነኝ እኮ» አለቻቸው።

«አውቃለሁ። ለአንችማ ይሻላል። አስበሽ ስለምትመልሽ ድካምሽ ቶሎ ይያዛል።»

ዘይነባ በሁለት ወር ውስጥ የወሩን ሠላሳ ቀን ከነስሙ በቃሏ ወጣችው። ከዚያ በኋላ እኛ ክርስቲያኖቹ ሲጠፋብን በምልክት የምትነግረን እሷ ሆነች፤ ሲስተር ሲያዩዋት ደግሞ ሁለታችንንም ይልኩናል።

ስለ ራሳቸው ድካም የሚያወሩት እንደ ቀልድ ነው። አንድ ጊዜ ዱቲ አድረው ሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ይዟቸው ጢስ ዓባይ ድረስ ሄደዋል። ረዳቱ «እማማ፣ ደርሰናል» ሲላቸው ቤታቸው የደረሱ መስሏቸው ቁልፋቸውን ከቦርሳ አውጥተው ወረዱ። «ሰው አገር አቋርጦ የሚያየውን ፏፏቴ እኔ በእንቅልፍ ልቤ ሄጄ አየሁት» ይሉና ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ይስቃሉ። እኛም እንስቃለን። አሁን ሳስበው የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ሌላ ጠዋት ደግሞ አብረን ከግቢ ወጥተን ሐይቁ ዳር ሄድን። የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸው አብጦ የካልሲው ክር እንደ ቀለበት ታትሞበታል። አሳ አጥማጆች መረባቸውን እየጎተቱ ነበር።

«እኔ እኮ ሥራው አልከበደኝም» አሉኝ። «የከበደኝ፣ ደከመኝ ሲሉ እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው ነው። ደከመኝ ያለ ሰው እኮ በሽተኛውን እየጠበቀ ነው።»

ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም። ሳልመልስ እንቅልፍ ወስዶኝም ይሆናል።

ከዚያ ለሆስፒታሉ አዲስ ምክትል ኃላፊ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ዋርዶቹን ሲዞሩ የአንሶላውን ክፍል ከፈቱና ዘይነባን አንሶላ ላይ ተጠቅልላ አገኟት። ማክሰኞ በሩ ላይ «በሥራ ሰዓት መተኛት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ቁልፉም ወደ ንብረት ክፍል ሄደ።

ሲስተር ማስተዋል ወረቀቱን ሳይቀድዱ ሳያጣጥፉ ገንጥለው ይዘው ቢሮ ገቡ። እኔንም ለምስክር ብለው አስከተሉኝ።

«ሲስተር፣ ነርሶች ይተኙ ብለው ፈቅደዋል?» አሉ ምክትሉ።

«እኔ ይተኙ አላልሁም፤ ይተኛሉ ነው ያልሁ። ተራ ካወጣሁላቸው አንሶላ ላይ ይተኛሉ። ካላወጣሁላቸው መርፌ እንደያዙ ይተኛሉ።»

«ደንቡ አይፈቅድም።»

«ደንቡን ያወጣው ሰው ስንት ሰዓት ቆሞ ነው ያወጣው?»

ምክትሉ ወረቀቱን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ቁልፉም አልተመለሰም። ሲስተር ለተወሰነ ጊዜ ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። የተሳሳተውን ሰው የሚልኩበት ቦታ ስለሌለ ፊትህን ታጠብ፣ ውሃ ጠጣ ብቻ ይሉታል። በኋላ እሱንም ተዉት። «ጠይቄ ምን ላድርግ?» አሉ አንድ ቀን፣ ለማንም ሳይሆን ለመስኮቱ።

ያ ቀን የመጣው ከዚህ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ነው።

እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብቼ ከእሳቸው መረከብ ነበረብኝ። በዚያ ሳምንት ሦስት ዱቲ ሠርቻለሁ። ስልኬ ደውሎ ደውሎ ዝም ሲል አልሰማሁም፤ ባለቤቴም ልጄን ይዛ ወጥታ ነበር። ስነቃ አምስት ሰዓት ሆኗል። በማርፈድ ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረብኝ። ስለዚህ ደወልኩና፣ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ሲስተር፣ ልጄ ታሞብኝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ትኩሳት ነበረው።»

«ውይ በሞትሁት! አይዞህ፣ እኔ አለሁ። ረጋ ብለህ ና።»

ሌላዋ ተረኛ የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበረች ብቻቸውን ናቸው ማለት ነው። ስልኩን ሳይዘጉ ጠየቁኝ።

«ስማ እስቲ፣ ዛሬ ማን ነው?»

እየፈተኑኝ መሰለኝ። «ገብርኤል» አልኳቸው።

«እ… ገብርኤል። አሥራ ዘጠኝ። እዚህ ቻርቱ ላይ ቀን ልጽፍ ብየ ነው፣ ጠፋብኝ።»

ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ ስንት ዓመት ሰምቻቸዋለሁ፤ መልሱ ጠፍቷቸው ሲጠይቁ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ረጋ ብለህ ና ተብያለሁ። ታጠብኩ፣ ምሳ በላሁ፣ ልጁ የታመመበት አባት ቶሎ ቢመጣ ያሳጣዋል ብዬም አሰብኩ። ዋርድ የደረስኩት ስምንት ሰዓት ነው።

ስህተቱ የተሠራው ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። ሐኪሞቹ ትዕዛዝ የሚጽፉት በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እኛ የምንኖረው በሐበሻ ሰዓት። ሐጅ ሰይድ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ የስኳር መርፌያቸው ጠዋት «7»፣ ማታ «7» ተብሎ ታዟል፤ በእኛ አንድ ሰዓትና አንድ ሰዓት ማለት ነው። ይህን መለወጥ ለሲስተር የራሳቸውን ስም እንደመጻፍ ነው። የጠዋቱን በሰዓቱ ወግተዋቸዋል። ፊርማቸውን የሚያኖሩት ግን ሁልጊዜ ርክክብ ላይ፣ ቻርቱን ከሚረከበው ሰው ጋር አንድ በአንድ እያዩ ነው። ያን ቀን የሚረከብ አልመጣም። የሚረከበው እኔ ነበርኩ።

እናም ሃያ ሰዓት ከሠሩ በኋላ ቻርቱ ላይ ያልተፈረመበት ሰባት አዩ፣ የእጅ ሰዓታቸው ላይ ሰባት አዩ፣ ደግመው ወጓቸው።

ስደርስ የሐጅ ሰይድ ልጅ ኮሪደሩ ላይ እየጮኸች ነው። ሽማግሌው በላብ ተነክረዋል፣ ዓይናቸው ተገልብጧል። ሲስተር ግሉኮሱን ራሳቸው እየሰጡ ነበር። ሐጅ ሰይድ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው «ምን ሆኛለሁ?» አሉ። ሲስተር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ወጋሁዎት» አሏቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው። ከዚያ ተነሥተው ሪፖርቱን በእጃቸው ጻፉ።

ሐጅ ሰይድ ድነው ወጡ። ኮሚቴው ግን ተሰበሰበ።

የሰው ኃይል ኃላፊው ሰብሳቢ ነበሩ። እኔ የዋርዱ ተወካይና ምስክር ሆኜ ገባሁ። ፊታቸው አንድ ቅጽ አለ፤ «የጥፋቱ ምክንያት» ከሚለው ሥር ሦስት ሳጥን ተሠርቷል።

«ሲስተር» አሉ ሰብሳቢው በትሕትና፣ «ሆን ብለው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የዕውቀት ማነስም አይደለም፤ ግማሹን ሠራተኛ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የሚቀረን ቸልተኝነት የሚለው ነው።»

«ድካም የሚለውስ የት አለ?»

«ቅጹ ላይ የለም።»

«በእጅ ጻፉታ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ድካም ብለን ብንጽፍ፣ ማን አደከማት የሚል ጥያቄ ይመጣል።»

«ይምጣ እንጅ! ለዚያ አይደል ጻፉ የምላችሁ? ቅጡኝ፣ ከኃላፊነት አንሱኝ፣ እሽ ብያለሁ። በሽተኛ ልገድል ነበር። ግን ሠላሳ ዓመት ቸል ያልሁት ሰው የለም። ድካም ብላችሁ ጻፉ፤ ለሚመጡት ልጆች ይጠቅማቸዋል።»

«ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ሲስተር። ያን ቀን መግባት የነበረባቸው ሁለት ናቸው። አንዷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፣ አንዱ፣ ይኸው ምስክራችን፣ ልጁ ታሞበታል። ሁለቱም በቂ ምክንያት ነው። ከሥራ ጫና ጋር የሚያያዝ ነገር አላገኘንም።»

ውጭ ግርግር ተሰማ። ሐጅ ሰይድ ከዘራቸውን ይዘው መጥተው ኖሯል፣ ጥበቃው አላስገባም ብሏቸው በሩ ላይ ይከራከራሉ። «የተወጋሁት እኔ፣ እኔን ሳትጠይቁ ማንን ልትጠይቁ ነው?» ይላሉ። «ወላሂ ደክሟት ነው! ዓይኗን አይቻለሁ። ጠዋት ወግተሽኛል ልላት ብየ፣ እሷን ማረም አፈርሁ።» ሰብሳቢው በጣም አዝነው፣ ታካሚ ቃሉን የሚሰጥበት አሠራር እንደሌለ አስረዱ። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የምትጨምረው አለ?»

ማስረጃው እኔ ነበርኩ። ልጄ አልታመመም፣ ሦስት ዱቲ ሠርቼ ወድቄ ነው፣ የሚቀሰቅሰኝ ደወል እንኳ አልሰማሁም ብል ኖሮ፣ ያ ቃል ወረቀቱ ላይ የሚገባበት ቀዳዳ ይገኝ ነበር። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ታየኝ። ውሸቴም ታየኝ፤ በሳቸው ፊት ውሸታም መባሉ ከሁሉም ባሰብኝ።

«የለም» አልኩ።

ቃለ ጉባኤው ተነበበ፣ ቸልተኝነት የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደረገ፣ ፈረምኩ። ሲስተር ስፈርም እጄን ያዩ ነበር። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። አወቁብኝ ብዬ ደነገጥኩ።

«ልጅህ እንዴት ሆነ? ትኩሳቱ ለቀቀው?»

«ለቆታል፣ ሲስተር።»

«ተመስገን» አሉ፣ ከልባቸው።

ካርድ ክፍል አዛወሯቸው። እዚያ ቁጭ ብለው የሰው ካርድ ሲፈልጉ ሳይ በሌላ በር እዞር ነበር። ዘይነባ ተናድዳ «ስሟ ማስተዋል፣ ጥፋቷ አለማስተዋል! እያሾፉ እኮ ነው የሚመስለው» ብላ አልቅሳለች። እኔ አላለቀስኩም፤ የሚያለቅስ ሰው ንጹሕ መሆን አለበት። ብዙም ሳይቆዩ ቀድመው ጡረታ ጠየቁና ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ቁንዝላ ገቡ። የሽኝታቸው ቀን ንግግር አድርግ ተብዬ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩ። እንግዲህ ይህም ሌላ ውሸት ነው።

ከአንድ ዓመት ከምናምን በኋላ፣ ከማረፋቸው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። በዱርቤቴ በኩል አቧራ እየጠጣሁ፣ የምናገረውን መንገዱን ሁሉ እያጠናሁ። «ሲስተር፣ ያን ቀን ልጄ አልታመመም። ተኝቼ ነው። ኮሚቴው ፊትም ይህን አልተናገርኩም።» በቃ፣ ይህችው ናት። ከዚያ የፈለጉትን ይበሉኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ቁንዝላ ደረስኩ። የመጨረሻው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳል ተብያለሁ። ቤታቸው ከጀልባው መቆሚያ ብዙ አይርቅም። ትሁን በሩን ከፈተችልኝና ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

ሲስተር ማስተዋል በረንዳው ላይ፣ ወንበር ላይ፣ እግራቸውን ዱካ ላይ ሰቅለው ተኝተዋል። ከስተዋል። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል። እጃቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል።

«ሌሊት ዓይኗ አይከደንም» አለችኝ ትሁን በሹክሹክታ። «ያን ሽማግሌ ነው የምታየው። ቀን ላይ አልፎ አልፎ እንዲህ ይጥላታል። ዛሬስ ከሰነበተ ነው የተኛች። ተቀመጥ፣ አሁን ትነቃለች።»

ተቀመጥኩ። ትሁን አሳ ወጥ አቀረበችልኝ፣ በላሁ። ሲስተር አልነቁም። የሐይቁ ነፋስ ሻሻቸውን ሲያነሣው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ መለስኩላቸው። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሌላውም ተጋመሰ። ከወዲያ የመኪናው ጥሩንባ ተሰማ።

«ልቀስቅስልህ?» አለችኝ ትሁን። «ከባሕር ዳር ድረስ መጥተህ እንዲሁ ልትሄድ?»

«ተያቸው፣ ይተኙ» አልኳት። «ሌላ ጊዜ እመጣለሁ።»

እንቅልፋቸውን ላለመንሳት ብዬ ነው ብዬ ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። ለትሁንም እንዲያ ሳይመስላት አልቀረም፤ እስከ መኪናው ድረስ እየመረቀችኝ ሸኘችኝ። ግን መኪናው ሲነሣ ደስ ብሎኝ ነበር።